ራስጌ የተመኘው ቀይ ክር

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» የምትሉ ላማችሁን አስራችሁ ኑ፤ ላም የሌላችሁም እንደ ባለ ላም ተደላድላችሁ ተቀመጡ። የማወራው ነገር ከባድ ነው። ስለ ክር ነው። የነገረኝም ክር ነው። ክር ደግሞ ይቋጠራል፣ ይጠላለፋል፣ ይበጠሳል እንጂ አይዋሽም።

በድሮ ጊዜ፣ ሰው እየበረደው ራዲዮ ልብስ ይለብስ በነበረበት ዘመን፣ ውርጭ በሚያድርበት በአንድ ደጋ ከተማ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ኪሮሽ ይሠራሉ። ለራዲዮው ልብስ ይሠራሉ፤ ለሶፋው ክንድ ልብስ ይሠራሉ፤ ለሰውም፣ ሰው ሲበርደው፣ ሹራብ ይሠራሉ። ሠርተው ሲጨርሱ የተረፈውን ክር አይጥሉም። ጠቅልለው ቅርጫት ውስጥ ያኖሩታል። «ትርፍ ክር የሚጥል ሰው ብርድ ሲመጣ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል» ይሉ ነበር።

ታዲያ ጎረቤታቸው ውቢት ሴት ልጅ ተገላገለች። የውቢት ቤት ነፋስ ሳያንኳኳ የሚገባበት ቤት ነው። ሕፃኗ ክርስትና የምትነሣው ደግሞ በማለዳ ነው፤ ያውም ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ባነጣበት ወር። ልጅቷን ጠቅልላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስዳት አንዲት ስስ ነጠላ ብቻ ነበረች።

እትዬ ደብሪቱ ይህን አዩና ቅርጫታቸውን ሳቡ። አራት ክሮች አገኙ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። በስንዝር ገመቱ፣ በዓይን ገመቱ።

«አራቱ ተቀጣጥለው ብርድ ልብስ ይወጣቸዋል» አሉ። «ከእግሯ እስከ ራሷ ይደርሳል። አንዱ ከጎደለ ግን ወይ እግሯ ይወጣል፣ ወይ ራሷ ይወጣል።»

ለጥንቃቄ ብለው አጥር ለአጥር የሚኖሩትን እትዬ ላቀችን ጠየቁ።

«ላቀች፣ ያ ወይን ጠጅ ክርሽ ተርፎሽ ነበር አይደል?»

«የቱ?» አሉ እትዬ ላቀች። የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። «እሱንማ ድመት በላው።»

«ድመት ክር ይበላል እንዴ?»

«የእኔ ቤት ድመት ምን ታማርጥ ብለሽ ነው።»

እትዬ ላቀች ክፉ ሰው አልነበሩም። የሰው ሥራ አምሮ ሲያዩ ግን ጨጓራቸውን ያማቸው ነበር። ይህ በሽታ ያኔ በዚያ አገር ነበረ፤ አሁን ጠፍቷል ይባላል።

እትዬ ደብሪቱ ቅርጫቱ አጠገብ ተቀመጡና ለራሳቸው «ከግርጌ እጀምርና ወደ ራስጌ እወጣለሁ» አሉ።

ክሮቹ ይህን ሰሙ።

ግርጌ ማለት እግር የሚያርፍበት ነው። ራስጌ ማለት ራስ የሚያርፍበት ነው። አራቱ ክሮች በአንድ ቅርጫት ውስጥ ለዓመታት በፍቅር የኖሩት፣ ራስጌ የሚባል ነገር መኖሩን ስላልሰሙ ነበር። አሁን ሰሙ። ተያዩ።

«ዘር ይቆጠር» አለ ቀይ ክር።

«ይቆጠር» አሉ።

«እኔ» አለ ቀይ ክር፣ «የሙሽራ ሹራብ ትራፊ ነኝ። ለመልስ ዕለት የተለበሰ ሹራብ። እልል የተባለለት።»

«እልል ሲባል አንተ እዚያ ነበርክ?» አለ ጥቁር ክር።

«እኔ ቅርጫት ውስጥ ነበርኩ። ዘመዴ ግን ነበረ።»

«እኔ ደግሞ የተማሪ ሹራብ ትራፊ ነኝ» አለ ሰማያዊ ክር። «ዘመዶቼ ፊደል ቆጥረዋል። አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ነው የተማሩት።»

«እንደሚታወቀው» አለ ቢጫ ክር፣ «እኔ የራዲዮ ልብስ ትራፊ ነኝ። በዓለም ላይ የተወራ ሁሉ በዘመዶቼ ቀዳዳ ነው ያለፈው።»

ጥቁር ክር ደግሞ «እኔ የሐዘን ሹራብ ትራፊ ነኝ። ከእኔ ዘመድ ጋር ያልተዋወቀ ቤት የለም» አለ።

እንግዲህ አራቱም ትራፊ ነበሩ። ሙሽራዋ ያለ ቀይ ክር ተሞሽራለች፤ ተማሪው ያለ ሰማያዊ ክር ክፍል ደግሟል፤ ራዲዮውም ያለ ቢጫ ክር አውርቷል። ይህን ግን ማንም አላነሣም። ሁሉም ጨዋ ነበሩ።

ከአራቱ ትልቁ ቀይ ክር ነበር። ሙሽራዋ ቀጭን ስለነበረች ብዙ ተርፏል። ጥቅሉ ጥቅል ጎመን ያህላል። ስለዚህ «ራስጌ የእኔ ነው» አለ።

በዚህ ጊዜ ከቅርጫቱ ጥግ አያ ኪሮሽ ተናገረ። አያ ኪሮሽ ራሱ የታጠፈ፣ ቀጭን የብረት ሽማግሌ ነው።

«ልጆቼ፣ ግርጌም ሆናችሁ ራስጌ ሥራችሁ መያያዝ ነው። እኔን እዩኝ። ራሴ ባይታጠፍ አንዳችሁንም መያዝ አልችልም ነበር።»

«አንተ ሲሠሩህ ተጣመህ ነው» አለ ቀይ ክር። «ምክር አታድርገው።»

ቀይ ክር ድግስ የሚያውቅ ዘር ነው። ድግስ ቤት ቀድሞ የሚመጣ ሰው ሽንኩርት ይልጣል፣ ወንበር ይሸከማል። ትልቅ ሰው ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይላል፤ «ኖር» ይሉታል፣ «በእግዚአብሔር» ይላል፣ ከላይ ቦታ ይለቀቅለታል። «እኔም መጨረሻ ነው የምመጣው» አለ በልቡ። ተንከባለለና ከቅርጫቱ ወጣ፤ ተንከባለለና አልጋ ሥር ገባ፤ ተንከባለለና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

እትዬ ደብሪቱ «ቀዩን የት አደረግሁት?» አሉ። ቢፈልጉ አጡ። «ይገኛል» ብለው በሰማያዊ ጀመሩ።

አያ ኪሮሽ ጎንበስ ይላል፣ ይይዛል፣ ይስባል። ጎንበስ ይላል፣ ይይዛል፣ ይስባል። ቀለበት በቀለበት እየገባ፣ መስመር በመስመር እየተሠራ፣ ሰማያዊ ክር ሰፋ ያለ መደብ ሆነ፤ የሕፃን እግር የሚያሞቅ።

እትዬ ላቀች እሳት ሊጭሩ መጡ። እሳት ቤታቸው ነበራቸው። ሥራውን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት።

«ሰማያዊዋ ደህና ናት» አሉ።

«እውነትሽን ነው?»

«ክሯ ጥሩ ክር ናት።»

«እጄስ?»

«ክሯ ጥሩ ናት አልኩሽ እኮ።»

ሰው የሌላውን ሥራ ሙሉውን ያመሰገነ እንደሆነ ለራሱ ምን ይተርፈዋል? እትዬ ላቀች ቆጥበው ነው የሚያመሰግኑት። ይህችው ቁጥብ ምስጋና ግን አልጋ ሥር ደረሰች።

«ሰማያዊ ደህና ነው ተባለ» አለ ቀይ ክር። ከዳር እስከ ዳር አሳከከው። ወዲያውም እየተንከባለለ መርፌና ቁልፍ የሚቀመጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ጋ ሄደ። ቆርቆሮው አጠገብ አያ መቀስ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።

«አያ መቀስ፣ ሰማያዊን ከመሃሉ ቁረጥልኝ።»

«ምን አደረገህ?»

«ደህና ነው ተባለ።»

«ከባድ ነገር ነው» አለ መቀስ። «እኔ ግን ሰማያዊ ቀይ ብዬ አላውቅም። አፌ መሃል የገባውን እቆርጣለሁ። አምጣና አስገባው።»

«እንዴት አድርጌ ነው የማስገባው?»

«እሱን አላውቅም። እኔ ከገባ በኋላ ነው የምተዋወቀው።»

«እንዲህ ነው?» አለ ቀይ ክር፤ ሊያሳይ ብሎም በመቀሱ አፍ መሃል አለፈ።

ቀጭ።

«አዎ፣ እንዲህ ነው» አለ መቀስ።

የቀይ ክር አንድ ትልቅ ጉማጅ ወለል ላይ ቀረ። ቀይ ክር የቀረውን ጠቀለለ። «ደግነቱ እኔ ብዙ ነኝ» አለና ወደ አልጋ ሥር ተመለሰ። ጉማጁን ሌሊት አይጥ ጎትታ ለጎጆዋ ወሰደችው።

እትዬ ደብሪቱ ቢጫውን ቀጠሉ። አያ ኪሮሽ ጎንበስ አለ፣ ያዘ፣ ሳበ። ጎንበስ አለ፣ ያዘ፣ ሳበ። ቢጫው ከሰማያዊው በላይ እንደ ጠዋት ፀሐይ ወጣ።

እትዬ ላቀች ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ወንፊትም ነበራቸው።

«ቢጫዋ ደስ ትላለች» አሉ። «ሰማያዊዋን አጠፋቻት እንጂ።»

ሰማያዊ ክር በተሠራበት ቀዝቀዝ አለ። «አጠፋቻት?» አለ።

«እንደሚታወቀው» አለ ቢጫ ክር፣ «እኔ ምንም አልተናገርኩም። የተዘገበ ነው።»

አልጋ ሥር ደግሞ ቀይ ክር እንቅልፍ አጣ። ቢጫ። የራዲዮ ልብስ። ደስ ይላል ተባለ። እየተንከባለለ የግድግዳው ቀዳዳ ጋ ሄደና እመት አይጥን ጠራ።

«እመት አይጥ፣ ቢጫን ብይልኝ።»

«ምን አደረገህ የኔ ጌታ?»

«ደስ ይላል ተባለ።»

«ውይ፣ ይህማ ግፍ ነው» አለች አይጧ። «ግን እኔ ሆዴ ስስ ነው። ክር ይስማማኝ አይስማማኝ አላውቅም። ልቅመስና ልወቅ።»

«ከየት ልትቀምሺ?»

«አንተ እያለህ ሩቅ ምን አስኬደኝ?»

«ቅመሺ» አለ ቀይ ክር። ቀመሰች። «እንዴት ነው?» አላት።

«ጨው ያንሰዋል። ልድገም።» ደገመች። «አሁንስ?» አላት።

«አሁን ጣዕሙ መጣ። ልሠልስ።» ሠለሰች። «አሁንስ? ቢጫን ትበያለሽ?» አላት።

«አሁንማ ጠገብኩ» አለች እመት አይጥ። «ቢጫ ለሌላ ቀን ይሁነን።» ወደ ቀዳዳዋ ገባች።

ቀይ ክር ራሱን ዞሮ አየ። የጥቅል ጎመን ያህል የነበረው አሁን ሎሚ ያህላል። «ደግነቱ እኔ ብዙ ነኝ» አለ። ድምፁ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

እትዬ ደብሪቱ ጥቁሩን አነሡ። ይህኔ እትዬ ላቀች ምንም ሳይዋሱ መጡ።

«ጥቁር ለአራስ ልጅ? ምን ሞተባት?»

«ብርድ ቀለም አይለይም፣ ላቀች። ደግሞ ከላይ ቀዩ ይመጣበታል። ራስጌዋ ቀይ ይሆናል።»

«እንጃ። እኔ ብሆን አላደርገውም።»

«አንቺ ብትሆኚማ ክርሽን ድመት ይበላዋል» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ሥራቸውን ቀጠሉ። አያ ኪሮሽ ጎንበስ አለ፣ ያዘ፣ ሳበ። ጥቁሩ ተሠርቶ ሲያልቅ እትዬ ላቀች ትኩር ብለው አዩትና፣ ሳያስቡት፣ ከአፋቸው አመለጠ።

«ይገርማል። ጥቁሩ ነው ለካ የሚያሳምራቸው።»

ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ፤ ግን ወጥቷል።

ቀይ ክር ይህን ሲሰማ አልጋ ሥር መቀመጥ አቃተው። ሰማያዊስ እሺ፣ የተማረ ነው። ቢጫም እሺ፣ ዜና ይሰማል። ጥቁር? ለቅሶ ቤት የኖረ ጥቁር? ተንከባለለና ራሱ ወጣ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ነህ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ አንሥተውት። «ምነው አነስክ?» በስንዝር ለኩት። «በእግዜር ቸርነት ይበቃል። ልክክ ብሎ ራሷ ጋ ይደርሳል፤ ከዚህ ካነሰ ግን አልቆልናል።» የቀዩን ጫፍ ከጥቁሩ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩና ጀመሩ።

ቀይ ክር ደረቱን ነፍቶ ገባ። «መጣሁ» አለ። ማንም ብድግ አላለም።

«ኖር አይባልም እንዴ?»

«መነሣት አልቻልንም» አለ ቢጫ ክር። «እርስ በርስ ተጠላልፈናል።»

«በእግዚአብሔር» አለ ቀይ ክር፣ ኖር ሳይሉት።

ነገ ክርስትናው ነው። ቀዩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት፣ መጨረሻው ሳይቋጠር፣ ከውቢት ቤት ድምፅ ተሰማ። «እትዬ ደብሪቱ፣ ኧረ ድረሱልን፣ ሽንኩርት የሚከትፍ ጠፋ።» እትዬ ደብሪቱ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ዘረጉት። የመጨረሻዋ ቀለበት እንዳትሾልክ አያ ኪሮሽን በውስጧ አሳልፈው ተዉት። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

አሁን ቀይ ክር ራስጌ ነው። የተመኘውን አገኘ። ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየ። ባያይ ጥሩ ነበር።

«ሰማያዊ ከእኔ ይሰፋል» አለ። ደግሞ አየ። «ቢጫም ከእኔ ይሰፋል።» ደግሞ አየ። «ጥቁርም።»

መቀስ የቆረጠውን አላስታወሰም። አይጥ የበላችውንም አላስታወሰም። የሌላው ስፋት ብቻ ታየው።

በዚህ መሃል በመስኮት ድመት ገባች። የእትዬ ላቀች ድመት ናት።

«እመት ድመት» አለ ቀይ ክር። «ክር ትበያለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ስሜን ነው ያጠፉት» አለች ድመቷ። «የእመቤቴን ወይን ጠጅ ክር በላች ተብዬ መንደሩ ያማኛል። ክሩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል። ሳልበላ በላች ከተባልኩ፣ እንግዲህ ብበላስ ምን ይቀርብኛል?»

«እንግዲያው እነዚህን ሦስቱን ተርትሪልኝ።»

ድመቷ ዞራ አሸተተች። «የሰማያዊ ጫፍ የታለ?»

«ውስጥ ተደብቋል።»

«የቢጫስ?»

«እሱም ተደብቋል።»

«የጥቁርስ?»

«ከእኔ ጋር ተቋጥሯል።»

«ስለዚህ የሚታየኝ ጫፍ አንድ ነው» አለች ድመቷ። «ያንተ።»

«በእኔ ጀምሪና ወደ እነሱ ውረጂ። እኔ ላይ ነኝ። ላይ ያለ ምን ይሆናል?»

አያ ኪሮሽ ከቀለበቷ ውስጥ ሆኖ ተናገረ። «ልጄ፣ ይህችን ቀለበት የያዝኳት እኔ ነኝ። እኔ ከወጣሁ የሚተረተረው ከላይ ነው። በኪሮሽ ሥራ ግርጌ ቀድሞ ተተርትሮ አያውቅም።»

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ አቀርቅረህ ነው የኖርከው» አለ ቀይ ክር። «ላይ ስላለ ነገር ምን ታውቃለህ?»

ድመቷ አያ ኪሮሽን በመዳፏ መታ አደረገችው። ወለሉ ላይ ቅጭል ብሎ ወደቀ። የቀዩን ጫፍ ነከሰች። ሳበች።

ትርርር። አንድ መስመር ሄደ።

«ሰማያዊ ጋ ደረስሽ?» አለ ቀይ ክር።

«አልደረስኩም።»

ትርርር። ሌላ መስመር ሄደ፣ ሌላም ሄደ።

«ሰማያዊ ጋ ደረስሽ?» ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ገና ነኝ።»

ሰማያዊና ቢጫ ከታች ሆነው ያያሉ። ማዘን ነበረባቸው። ቢጫ ክር «እንደሚታወቀው…» ብሎ ጀመረና ሳቅ አቋረጠው።

ትርርር።

«አሁንስ?»

«አሁን ቋጠሮ ጋ ደርሼ ቆምኩ» አለች ድመቷ። «ከዚህ አያልፍም። አንተ ግን አልቀሃል።»

ያን ጊዜ ጥቁር ክር፣ ለቅሶ የሚያውቀው፣ ቀስ ብሎ «ቋጠሮዬን ያዝ» አለው። ቀይ ክር ያዘ። ድመቷ በጥርሷ በጠሰችው፤ ጣት የምታህል ጉማጅ በጥቁር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። የቀረውን ድመቷ አኘከችው፣ አንጠባጠበችበት፣ እየጎተተች ምድጃው ውስጥ አመድ ላይ አንከባለለችው። ከዚያ ወዲያ ክር ልትሉት አትችሉም።

እትዬ ደብሪቱ ሲመለሱ ዓይናቸው በሽንኩርት ቀልቶ ነበር። ስለዚህ ያለቀሱበትን ሰዓት ለይቶ ያወቀ የለም። ብርድ ልብሱን አንሥተው ለኩት። ጥቁሩ ላይ ቆሟል። ከሕፃኗ ትከሻ አያልፍም።

እትዬ ላቀች ድመታቸውን ፍለጋ መጡ። ድመቷን አዩ፣ በአፏ ላይ ያለውን ቀይ አዩ፣ ብርድ ልብሱን አዩ።

«እኔ ጥቁሩን ብዬሽ ነበር» አሉ። «ራሷን ገልጣ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር አድርጋ ልትወጣ ነው?»

«አትወጣም» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «በነጠላዋ ትሄዳለች። የዚህን ቀን ውርጭ አንቺም ታውቂዋለሽ።» ብርድ ልብሱን አጥፈው አስቀመጡት።

እትዬ ላቀች ደስ አላቸው። ደስታው ግን ደጁ ጋ ሳይደርሱ አለቀባቸው። ነገ ሰው «ምነው ሕፃኗ በነጠላ መጣች?» ይላል። መልሱ «የላቀች ድመት» ነው። ደግሞ ሰው «ደብሪቱ የጀመረችው እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ» ይላል። ያልተጨረሰ ሥራ ይበልጥ ይመሰገናል፤ እንከኑን ያየ የለማ። ይህን ሁሉ አሰቡና ጨጓራቸውን አመማቸው። ቤታቸው ሄዱ። ሣጥናቸውን ከፈቱ። ተመልሰው መጡ፤ ሎሚ የሚያህል ወይን ጠጅ ክር አልጋው ላይ ወርወር አደረጉ።

እትዬ ደብሪቱ ክሩን አዩ። እትዬ ላቀችን አዩ። «ይህን ድመት በልቶት አልነበር?»

«ተፋችው።»

«አጥባ ነው የተፋችው?»

«ጨዋ ድመት ናት። አሁን ዝም ብለሽ ሥሪ። አንድ ነገር ብቻ፣ ራስጌው የማን ነው ያሉሽ እንደሆነ ስሜን ጥሪ። ጮክ አድርገሽ።»

«እጠራለሁ።»

«ስለ ሰማያዊዋ ከጠየቁሽ ደግሞ ሳል ያዘኝ ብለሽ እለፊው።»

ብርድ ልብሱን ፍቅር ጨረሰው ብላችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ክር አይዋሽም አልኳችሁ። የጨረሰው ቅናት ነው። ሕፃኗም ማን እንደጨረሰው አልጠየቀችም።

አያ ኪሮሽ ከወለል ተነሣ። ጎንበስ አለ፣ ያዘ፣ ሳበ። ጎንበስ አለ፣ ያዘ፣ ሳበ። ወይን ጠጁ ከጥቁሩ በላይ ወጣ፣ ትከሻ አለፈ፣ ራስ ደረሰ፣ የመጨረሻዋ ቀለበት ላይ ልክ አለቀ። መቋጠሪያ ግን አልተረፈውም። እትዬ ደብሪቱ ያቺን በጥቁር ላይ የተንጠለጠለች ቀይ ጉማጅ አዩ። ፈቱና ቀለበቷን አሰሩባት። በራስጌው ጥግ ላይ ሽምብራ የምታህል ቀይ ቋጠሮ ሆነች።

በማለዳ ሣሩ ነጭ ነበር። ሕፃኗ ከጠበሉ እየጮኸች ወጣች፤ በብርድ ልብሱ ጠቀለሏት። እግሯ ሰማያዊ ውስጥ ገባ፣ ወገቧ ቢጫ ውስጥ፣ ትከሻዋ ጥቁር ውስጥ፣ ራሷ ወይን ጠጅ ውስጥ።

«ራስጌው የማን ነው?» አለ አንድ ሰው።

«የላቀች ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ጮክ ብለው። እትዬ ላቀች ቀና አሉ። «ሰማያዊውስ?» ሲል እትዬ ደብሪቱ ሳሉ።

ሕፃኗ ግን አሁንም ታለቅሳለች። ፊቷን ወዲህ አዞረች፣ ወዲያ አዞረች፣ አፏ ያቺን ቀይ ቋጠሮ አገኘ። ያዘች። መጥባት ጀመረች። ጸጥ አለች።

«አያችሁ፣ ቀይዋን ወደደቻት» አሉ ሰዎቹ፤ ውቢትም ሳቀች።

«ራሷን የሸፈንኩት እኔ፣ የምትወደው እሱን» አለ ወይን ጠጅ ክር።

«እግሯን ያሞቅሁት እኔ» አለ ሰማያዊ ክር።

«እንደሚታወቀው ወገቧ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አለ ቢጫ ክር። «አሁን ምን እንደወረደብኝ ለሕዝብ አልናገርም።»

እትዬ ላቀችም ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብለው፣ ማንም እንዳያይ፣ የወይን ጠጁን ጠርዝ ወደ አፏ ገፋ አደረጉት። ሕፃኗ መልሳ ቀይዋን ያዘች።

ቀይ ክር ራስጌ ነበር። ሁሉ ያየው ነበር። ሁሉ ይቀናበት ነበር። በሕፃን አፍ ውስጥ እስከ ልቡ ርሶ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጥቁር፣ ወንድሜ።»

«አቤት።»

«ሰማያዊ እንዴት ነው? እርጥብ ነው?»

«ደረቅ ነው። ሞቆታል መሰለኝ።»

ቀይ ክር ተጠባ። ደግሞ ተጠባ።

«ታድሎ» አለ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቀናተኛ ጎረቤቱን ሊተረትር ጫፍ ሲፈልግ የሚያገኘው የራሱን ነው። ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ባታብሱም ግድ የለም፤ ትርፍ ክር ያላችሁ ብቻ «ድመት በላው» አትበሉ።